በብዕሩ ያደረው ሳሙኤል ጆንሰን

ከጓደኞቻችን መካከል ግጥም የሚጽፉ፣ ተረት የሚሞክሩ፣ ለጋዜጣም አንዳንድ ጽሑፍ የሚልኩ ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህም ወዳጆቻችን በተገናኘን ቍጥር አንድ ጥያቄ ያነሡብናል፤ ይኸውም ሰው የማንም ተቀጣሪ ሳይሆን፣ ደመወዝም ሳይቈረጥለት፣ በጽሑፉ ብቻ ሊኖር ይችላልን የሚል ነው። ለዚህ የሚመልሱ የምክር መጻሕፍት በየዓመቱ ይታተማሉ፤ አንዳንዶቹንም አገላብጠናል። ከሁሉም ይልቅ ግን የጠቀመን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ስለ ሆነ፣ ምክሩን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ይህን ሰው ለአንባቢዎቻችን እናስተዋውቃለን። ሰውየው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ስለ ትልቁ መዝገበ ቃላቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ በተለይ የምንመለከተው ኪሱን ነው፤ ለየትኛው ሥራ ስንት እንደ ተከፈለውና በዚያ ገንዘብ እንዴት እንዳደረ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጆንሰን በ1709 ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ንግዱ ግን አልተሳካለትም። ልጁ ገና በሕፃንነቱ አንገት የሚያቈስል በሽታ ይዞት ፊቱን አበላሸው፤ አንድ ዐይኑ ፈዘዘ፣ ጆሮውም ደከመ። ሆኖም ከአባቱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እጁ የገባውን ሁሉ ያነብ ነበር። ይህ ሥርዐት የሌለው ንባብ ኋላ ትልቅ ሀብት ሆኖለታል።

በ1728 ኦክስፎርድ ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ። ከ13 ወር በኋላ ገንዘብ ስላለቀበት ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። በዚያ ሳለ ጫማው ተቀድዶ የእግሩ ጣቶች ይታዩ ነበር አሉ፤ አንድ ደግ ሰው አዲስ ጫማ በስውር በበሩ ላይ ቢያኖርለት፣ ጆንሰን ተቈጥቶ አውጥቶ ወረወረው። ኩራቱን እናደንቃለን፤ ጫማውን መወርወሩን ግን ለማንም አንመክርም። ዲግሪ ሳይዝ መቅረቱ ለብዙ ዓመታት መንገዱን ዘጋበት። በ1739 አንድ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪነት ሊያገኝ ጥቂት ሲቀረው፣ የማስተርስ ዲግሪ ስለሚጠየቅ ቀረበት፤ ዲግሪው በልዩ ፈቃድ እንዲሰጠው ትልልቅ ሰዎች ቢማልዱለትም አልሆነም። እንግዲህ ጆንሰን ጸሐፊ የሆነው ሌላው በር ሁሉ ስለ ተዘጋበት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የመጀመሪያ መጽሐፉ ታሪክ እኛን ኢትዮጵያውያንን በልዩ ይነካናል። አባቱ በ1731 ከሞተ በኋላ፣ ሥራ አጥቶ ልቡም በኀዘን ተይዞ በርሚንግሃም ከተማ ወዳጁ ኤድመንድ ሄክተር ዘንድ ተቀምጦ ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ጕዞው የጻፈው ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጕሞ ነበር፤ አንድ የከተማው መጽሐፍ ሻጭ ጆንሰን ይህን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስለት ተዋዋለ። ጆንሰን ጥቂት ሠርቶ ተወው። ከአልጋው አልነሣም አለ። ሄክተር ጠባዩን ያውቅ ነበርና፣ አታሚው ሥራ ፈትቶ ቤተ ሰቡ እየተቸገረ ነው ብሎ ነገረው። ጆንሰን ይህን ሲሰማ መጽሐፉን ከፊቱ ዘርግቶ፣ እንደ ተኛ ቃል በቃል ይናገር ጀመር፤ ሄክተርም እየጻፈ ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት ያመላልስ ነበር። መጽሐፉ በ1735 ወጣ። ጆንሰን የተከፈለው 5 ጊኒ ነበር። ጊኒ ማለት የዚያ ዘመን የወርቅ ገንዘብ ሲሆን ከአንድ ፓውንድ በ1 ሽልንግ ይበልጣል። በዚህ ዐይነት የጆንሰን ብዕር የመጀመሪያውን የመጽሐፍ ዋጋ ያገኘው በአገራችን ስም ነው።

በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል ባሏ የሞተባትን ሴት አገባ፤ እሱ የ25፣ እሷ የ46 ዓመት ሰው ነበሩ። በእሷ ገንዘብ ትምህርት ቤት ቢከፍት ተማሪ አልመጣለትም፤ ከመጡት ጥቂቶች አንዱ ግን ኋላ የእንግሊዝ ታላቅ ተዋናይ የሆነው ዴቪድ ጋሪክ ነበር። በ1737 መምህርና ተማሪ አንድ ላይ ሆነው ወደ ለንደን ወረዱ። ጆንሰን በጓዙ ውስጥ ያልተጨረሰ የቴአትር ድርሰት ይዞ ነበር፤ ይህ ድርሰት መድረክ ላይ የወጣው ከ12 ዓመት በኋላ በ1749 ነው፤ ያወጣውም ያው ጋሪክ ነው።

በለንደን ያስጠጋው ኤድዋርድ ኬቭ ነው። ኬቭ ጀንትልማንስ ማጋዚን የሚባለውን ወርኃዊ መጽሔት በ1731 የመሠረተ ሰው ነበር። ጆንሰን ቀደም ብሎ በ1734፣ ገና በጠቅላይ ግዛት ሳለ፣ የመጽሔቱን የግጥም ክፍል ላሻሽልልህ ብሎ ደብዳቤ ጽፎለት ምንም ፍሬ አላገኘም ነበር። ለንደን ከገባ በኋላ ግን ትርጕም፣ አርትዖት፣ መቅድም፣ የታላላቅ ሰዎች አጭር ታሪክ፣ የታዘዘውን ሁሉ ይጽፍለት ጀመር። ብዙው ስሙ ሳይጻፍበት ወጣ። በ1738 ለንደን የሚለውን ግጥሙን ለመጽሐፍ ሻጩ ለዶድስሌይ በ10 ጊኒ ሸጠ። ግጥሙ ቶሎ ተወደደ፤ የጊዜው ታላቅ ባለ ቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ ደራሲው ማን እንደ ሆነ እስኪጠይቅ ድረስ። የጆንሰን ገቢ ግን ያው 10 ጊኒ ሆኖ ቀረ።

በኬቭ ቤት የሠራው አንድ ሥራ ግን በሞቱ ጊዜ ሳይቀር ሕሊናውን ቈጥቍጦታል። በዚያን ዘመን በፓርላማ የሚደረገውን ክርክር ማተም የተከለከለ ነበር። መጽሔቱ በዘዴ በልብ ወለድ የታወቀች ሊሊፑት የምትባል አገር የመማክርት ጉባኤ አስመስሎ ያወጣው ነበር። ጆንሰን ከ1741 እስከ 1744 ይህን ክርክር ይጽፍ የነበረው በስብሰባው ተገኝቶ አይደለም። ማን እንደ ተናገረ፣ በምን ተራ እንደ ተናገረ፣ ጥቂትም የነገሩ ፍሬ ይመጣለታል፤ ንግግሩን ግን ራሱ ይፈጥረዋል። መጽሔቱ እጅግ ተሸጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ የራት ግብዣ ላይ እንግዶች የታላቁን የፒትን ንግግር ከጥንታውያን ጋራ እያነጻጸሩ ሲያመሰግኑ፣ ጆንሰን ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ያን ንግግር የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የጻፍሁትም በአንድ ጣራ ሥር ባለች ክፍል ውስጥ ነው ብሎ ሁሉን አስደነገጠ። ሰው ሁሉ እውነተኛ ንግግር መስሎት እንደሚቀበለው በተረዳ ጊዜ ግን ሥራውን ትቶ ነበር፤ ሊሞትም ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለዚህ መጸጸቱን ተናግሯል። ለጋዜጣ ለመጻፍ የምታስቡ ወዳጆቻችን ይህን ታሪክ ከማንኛውም የጋዜጠኝነት መማሪያ አስቀድማችሁ እንድታስቡት እንወዳለን። ገበያው ያን ጊዜ ውሸቱን አልቀጣውም፤ እንዲያውም ሸለመው።

በዚህ ወራት ሪቻርድ ሳቬጅ ከሚባል ድኻ ባለ ቅኔ ጋራ ወዳጅ ሆነ። ሁለቱም ለማደሪያ የሚሆን ገንዘብ ሲያጡ፣ ስለ ፖለቲካ እየተከራከሩ የለንደንን አደባባይ ሌሊቱን ሙሉ ይዞሩ ነበር። ሳቬጅ በ1743 በብሪስቶል እስር ቤት ሞተ። ጆንሰን የወዳጁን ታሪክ ጽፎ በ1744 አወጣ፤ ከመጽሐፉም 48 ገጽ የሚያህለውን በአንድ ሌሊት ተቀምጦ እንደ ጻፈው ተናግሯል። የተከፈለው 15 ጊኒ ነው። በእኛ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ይህ ለጀማሪ ጸሐፊ ይበልጥ የሚረባ ነው፤ ወዳጁን ይወደዋል፣ ነገር ግን ስካሩን፣ ውለታ ቢስነቱን፣ የሰውን ገንዘብ ማባከኑን አንዱንም አልደበቀለትም።

መዝገበ ቃላቱ የተጀመረው በ1746 ነው። የለንደን መጽሐፍ ሻጮች ተባብረው በ1,575 ፓውንድ ተዋዋሉት፤ ጆንሰንም በ3 ዓመት እጨርሳለሁ አለ። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሰማ ሰው ባለጠጋ ሆነ ይላል። ነገር ግን ወረቀቱንና የ6ቱን ጸሐፊዎች ደመወዝ የሚችለው እሱ ራሱ ነበር። በጎፍ አደባባይ ቤት ተከራይቶ ጣራ ሥር ባለው ክፍል ሥራውን ዘረጋ። መጻሕፍቱን እያነበበ የሚፈልገውን ቃል በእርሳስ ያሰምራል፣ የቃሉን መነሻ ፊደል በገጹ ዳር ይጽፋል፤ ጸሐፊዎቹም ዐረፍተ ነገሩን በወረቀት ይገለብጣሉ። የሰው መጽሐፍ ተውሶ እያሰመረ የሚመልስ ስለ ነበር፣ አዋሾቹ ደስ እንደማይላቸው መገመት አያዳግትም። አንድ ጊዜም በወረቀቱ በሁለቱም ፊት ስላስጻፈ፣ ማተሚያ ቤቱ በአንድ ፊት የተጻፈ ብቻ ይቀበል ነበርና፣ ለማስገልበጥ 20 ፓውንድ ከሰረ። በበርሚንግሃም ለጠቅላላው ትርጕም ከተከፈለው 5 ጊኒ ጋራ ስናስተያየው ይህ ስሕተት ምን ያህል ውድ እንደ ነበር ይታያል።

3ቱ ዓመት 9 ሆነ። ገንዘቡ አስቀድሞ ስላለቀ፣ ከ1750 እስከ 1752 ራምብለር የሚባል ባለ አንድ ጽሑፍ ወረቀት በየማክሰኞውና በየቅዳሜው ያወጣ ጀመር፤ ለአንዱ 2 ጊኒ ይከፈለዋል። በጠቅላላው 208 ወጥቷል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉን የጻፈው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የአታሚው መልእክተኛ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ይጽፍ ነበር። ስሜቱ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ጸሐፊ አልነበረም፤ ቢጠብቅ ኖሮ ማክሰኞም ቅዳሜም ባዶ በቀሩ ነበር። ራምብለር ባበቃበት በመጋቢት 1752 ሚስቱ ሞተች። ኀዘኗ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም።

ስለ ሎርድ ቼስተርፊልድ ያለውን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በዚያን ጊዜ ደራሲ ሁሉ ከመኳንንት አንዱን ደጋፊ አድርጎ መጽሐፉን በስሙ ያበረክትለት ነበር። ጆንሰንም የመዝገበ ቃላቱን ዕቅድ በ1747 ለቼስተርፊልድ አቀረበ። መኰንኑ 10 ፓውንድ ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ጆንሰን ደጅ ቢጠናም የሚያስገባው አላገኘም። መጽሐፉ ሊወጣ ሲል በ1754 መጨረሻ ቼስተርፊልድ በአንድ ጋዜጣ ላይ ሁለት የምስጋና ጽሑፎች አወጣለት። ደጅ የጠና ሰው ይህን ቢያገኝ እጅ ይነሣል፤ ጆንሰን ግን በየካቲት 1755 ደብዳቤ ጻፈለት። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ በተቸገርሁ ጊዜ ያልደረሰ እርዳታ ሥራዬን ብቻዬን ከፈጸምሁ በኋላ ቢመጣ አይረባኝም የሚል ነው። አንዲት የስድብ ቃል የለባትም። ብዙ ሰዎች የደራሲ ነጻነት የተወለደው በዚህ ደብዳቤ ነው ይላሉ። እኛ ይህ አባባል ትንሽ የተጋነነ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ጆንሰን መኰንኑን ያሰናበተው መጽሐፍ ሻጮቹ ከፍለውት ስለ ነበር ነው፤ ጌታ ቀየረ እንጂ ያለ ጌታ አልኖረም። ቢሆንም አዲሱ ጌታ የሚፈልገው የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነው፤ እጅ መንሣት አይጠይቅም። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

መዝገበ ቃላቱ በሚያዝያ 1755 በሁለት ታላላቅ ጥራዞች ወጣ፤ ከ42,000 በላይ ቃላት ነበሩበት። ኦክስፎርድም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የማስተርስ ዲግሪ ስለ ሰጠው፣ በ1729 ያመለጠው ማዕርግ በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ታተመለት። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት 1756፣ ይህ በመላው እንግሊዝ የታወቀ ሰው በ5 ፓውንድ ከ18 ሽልንግ ዕዳ ተያዘ። ልብ ወለድ ደራሲው ሳሙኤል ሪቻርድሰን 6 ጊኒ ልኮ አስለቀቀው። ዝናና ገንዘብ በአንድ በር አብረው የሚገቡ የሚመስላቸው ወዳጆቻችን ሁለቱን ቀኖች፣ ሚያዝያ 1755ንና መጋቢት 1756ን፣ ጎን ለጎን እንዲያስቀምጧቸው እንለምናለን።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጥር 1759 የ90 ዓመት አረጋዊት እናቱ በሊችፊልድ ታመሙ። ጆንሰን የሚልከው ገንዘብ አልነበረውም። ከ24 ዓመት በፊት አልጋ ላይ ተኝቶ የተረጐመው የሎቦ መጽሐፍ ትዝ አለው መሰለን፤ የነገሥታት ልጆች ተዘግተው የሚኖሩበት አምባ ያለባት አገር አስቦ፣ በሳምንት ምሽቶች ውስጥ ራስላስ የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ ጨረሰ። የዋናው ሰው ስም የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንደ ተወሰደ ሊቃውንት ይናገራሉ። በመጽሐፉ ያለችው አቢሲኒያ እኛ የምናውቃት ኢትዮጵያ አይደለችም፤ ጆንሰን እግሩ አልረገጣትም፤ በአበባ የተሞላውም ሸለቆ የልቡ ሥራ ነው። መጽሐፉን በ100 ፓውንድ ሸጠ፣ ለሁለተኛው እትም 25 ተጨመረለት። እናቱ ግን መጽሐፉ ሳይወጣ በዚያው በጥር ሞቱ፤ ገንዘቡ ለቀብራቸውና ለቀረው ጥቂት ዕዳቸው ዋለ። ሳይሰናበታቸውም ቀረ። መጽሐፉ ደስታን ፍለጋ አምባውን ትቶ ስለ ወጣ ልዑል ነው፤ የተጻፈበትን ምክንያት ዐውቆ የሚያነበው ሰው ለምን እንዲህ እንደ ከበደ ይገባዋል።

በ1762 ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ቈረጠለት። ነገሩ የሚያሥቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ጆንሰን በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ እንዲህ ያለውን ጡረታ አገሩን ለሚከዳ የመንግሥት ቅጥረኛ የሚሰጥ ክፍያ አድርጎ ፈትቶት ነበርና። ወዳጆቹን አማክሮ ተቀበለ። ጠላቶቹ ዘበቱበት። እኛ አንፈርድበትም፤ 25 ዓመት ከእጅ ወደ አፍ የኖረ ሰው ነበር። ይሁንና ከዚያ በኋላ በ1770ዎቹ ዓመታት መንግሥትን የሚደግፉ ጽሑፎች ማውጣቱን፣ በተለይ የአሜሪካን ቅኝ ግዛቶች የሚቃወመውን፣ ስናነብ ጥያቄው ከልባችን አይወጣም። ሰነፍነቱም በረታ። የሼክስፒርን ሥራዎች አርሞ ለማሳተም በ1756 ከአንባቢዎች ገንዘብ መሰብሰብ ጀምሮ፣ መጽሐፉ የወጣው በ1765 ነው፤ በመካከሉ ቻርልስ ቸርችል የሚባል ገጣሚ ገንዘቡን በላህ፣ መጽሐፉስ የት አለ እያለ በግጥም አላገጠበት። ስድቡ ግን ሳይረዳው አልቀረም፤ ሥራውን አስጨረሰው ይባላል።

ዋጋ መቍረጥ እስከ መጨረሻው አልተማረም። በ1777 መጽሐፍ ሻጮች የእንግሊዝን ባለ ቅኔዎች ታሪክ እንዲጽፍላቸው መጥተው ዋጋውን ራስህ ተናገር ቢሉት 200 ጊኒ አለ። 1,000 ቢል ይከፍሉት እንደ ነበር በጊዜው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ለገንዘብ ካልሆነ በቀር የሚጽፍ ሰው ሞኝ ነው ብሎ የተናገረው ይኸው ሰው ነው። ለወዳጆቹ መጻሕፍት መቅድምና መግቢያ በነጻ ሲጽፍ ኖሯል። ጎልድስሚዝ የቤት ኪራይ አጥቶ ባለቤቲቱ ባስያዘችው ጊዜ፣ ጆንሰን መጀመሪያ 1 ጊኒ ላከለት፤ ኋላም ራሱ ሄዶ ከመሳቢያው ያገኘውን ያልታተመ ልብ ወለድ ይዞ ወጥቶ በ60 ፓውንድ ሸጠለት።

በታኅሣሥ 1784 በ75 ዓመቱ ሞተ፤ በዌስትሚንስተር አቤ ተቀበረ። በኑዛዜው ከንብረቱ አብዛኛውን በጃማይካ በባርነት ለተወለደውና ከ1752 ጀምሮ በቤቱ ለኖረው ለፍራንሲስ ባርበር አወረሰ፤ በዓመት 70 ፓውንድም እንዲከፈለው አዘዘ።

እንግዲህ ምን እናንብብ ለሚሉን ወዳጆቻችን፤ የቦዝዌል የጆንሰን ታሪክ ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ በ1791 የወጣ ነው፤ ጸሐፊው ጆንሰንን ያወቀው በ1763 ስለ ሆነ የድኽነቱ ዘመን በአጭሩ ይታለፋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የሳቬጅን ታሪክ አንብቡ፤ ቀጥሎ የራምብለርን ጽሑፎች ደስ ባላችሁ ተራ፣ ከዚያም የመዝገበ ቃላቱን መቅድም፤ ይህ መቅድም ብቻውን ስለ ሥራና ስለ ድካም ከብዙ የምክር መጻሕፍት ይበልጣል። ራስላስን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለ መለሱት፣ በእንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው በገዛ ቋንቋው ሊያነበው ይችላል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ፣ አንድ ገጽ ከዚህ፣ አንድ ገጽ ከዚያ የሚያነብ ደግሞ ትርጕም ምን እንደሚጠይቅ ያያል፤ የጆንሰንም ብዕር የጀመረው በትርጕም ነው።